የክሮውለር ሰስፔንሽን ከባዶ መስራት፦ መጀመሪያ ሊንኩ፣ ሾኩ ይደርሳል

ክሮውለር ድንጋይ ለድንጋይ እየቧጠጠች የምትወጣ የሪሞት መኪና ናት። ቸኩላ ስትሄድ እንኳ ከሰው እርምጃ ብዙም አትርቅም። ይህን ነገር የጀመረ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ መኪናው እምቢ የምትልበት ድንጋይ ያጋጥመዋል። ያኔ ቶሎ የሚታሰበው ውድ ሾክ (አሞርዛተር) ማዘዝ ነው። ሾኩ ይመጣል፣ ይገጠማል፣ ሲያዩት ያምራል። መኪናዋ ግን እዚያችው ድንጋይ ላይ በጀርባዋ ትወድቃለች።

ጎማው በየት በኩል እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው ሊንኩ ነው። አክስሉን፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማን የሚይዘውን አግድም አካል፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ዘንጎች ማለቴ ነው። ሾኩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንቅስቃሴው ምን ያህል ይለስልስ፣ የት ላይ ይቁም የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ ጊዜያችሁን መጀመሪያ ሊንኩ ላይ አውጡ። ደስ የሚለው ደግሞ ሊንክ ቤት ውስጥ በሴጌቶና በሞርሳ የሚሰራ ነገር ነው። ጥሩ ሾክ ግን ቤት አይሰራም፣ ይገዛል።

ለምሳሌ የምይዘው የ1/10 መጠን፣ የብረት ሻንሲና ድፍን አክስል ያላትን መኪና ነው። የአክሲያል ኤስ ሲ ኤክስ 10 ሁለተኛ ትውልድ የዚህ ዓይነት ናት፤ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 313 ሚሊ ትለካለች። ብዙ የቻይና ሻንሲዎችም ይህንኑ ልክ ይዘው ስለሚመጡ ከታች ያሉት ቁጥሮች ለብዙዎቻችሁ ቅርብ ይሆናሉ። የናንተ መኪና ሌላ ከሆነች ቁጥሩን ተዉትና አካሄዱን ያዙ።

ከመፍታታችሁ በፊት መዝኑ

የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ባትሪውንና ቦዲውን እንደጫናችሁ የፊት ሁለት ጎማዎችን ሚዛኑ ላይ አድርጉ፣ የኋላዎቹን በሚዛኑ ልክ ከፍ ባለ መጽሐፍ ላይ። ከዚያ ገልብጡና የኋላውን መዝኑ። ድምሩ የመኪናዋ ክብደት ነው። አክስሎቹን ስትፈቱ ደግሞ ከነጎማቸው ለብቻ መዝኗቸው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሞላው የሚሸከመው ከሱ በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ነው። አክስል፣ ጎማና ቸርኬ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሞላው አያውቃቸውም። መኪናዋ በጠቅላላ 2400 ግራም ብትመዝንና ሁለቱ አክስሎች ከነጎማቸው 1300 ቢሆኑ፣ ሞላዎቹ የሚሸከሙት 1100 ግራም ብቻ ነው። ከዚህ 55 ከመቶው ፊት ላይ ከሆነ 605 ፊት፣ 495 ኋላ ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉና አስቀምጡ። ሞላ ስንመርጥ እንመለስባቸዋለን።

ሁለተኛው ልኬት የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ብዙ ሰው ይህን በግምት ያልፈዋል፣ ግን በጣውላና በስልክ በቀላሉ ይገኛል። ሾኮቹን አውጡና በእነሱ ቦታ እኩል የተቆረጡ የእንጨት ዘንጎች ግጠሙ፤ መኪናዋ በቆመችበት ከፍታ ላይ ትደርቅ። ጣውላው ላይ በአራት ጎማዋ፣ አንድ ጎኗን ወደሚነሳው ጫፍ አድርጋችሁ አቁሟት። ጎማው እንዳይንሸራተት ከታችኛው ጎማ ጎን ቀጭን እንጨት ምቱ። ከዚያ ጣውላውን ቀስ ብላችሁ አንሱት። ልትገለበጥ ስትል ስልካችሁ ላይ ባለው የማዕዘን መለኪያ አንብቡ። ከጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ጠርዝ 226 ሚሊ ከሆነ ግማሹ 113 ነው። በ50 ዲግሪ ከተገለበጠች 113ን ለ1.19 (የ50 ዲግሪ ታንጀንት) አካፍሉ። 95 ሚሊ። የክብደት ማዕከሉ እዚያ ላይ ነው።

ሊንኩን ካርቶን ላይ ስሩት

የኋላውን እንውሰድ። የተለመደው አራት ሊንክ ነው። ሁለት ታችኛዎች ከአክስሉ ስር ተነስተው ከመኪናዋ ሆድ ስር ወዳለው መሃል ሰሌዳ ይሄዳሉ። ሁለት ላይኛዎች ከአክስሉ መሃል አናት ተነስተው እየተከፈቱ ወደ ሻንሲው ሁለት ጎኖች ይደርሳሉ። ይህ መከፈት ለውበት አይደለም፤ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። በሁለቱ ላይኛ ሊንኮች መካከል ያለው ማዕዘን ከ40 ዲግሪ ባያንስ ጥሩ ነው። ከዚያ ሲጠብ መኪናዋ ጎን ለጎን ትወዛወዛለች፤ ተዳፋት ላይ አክስሉ ወደ ታች ሲንሸራተት በዓይን ይታያል።

አሁን ትልቅ ካርቶን ፈልጉ። የፍሪጅ ማሸጊያ ተስማሚ ነው። መኪናዋን ከጎን በትክክለኛ መጠኗ ሳሉ፦ የመሬት መስመር፣ ሁለት ጎማዎች፣ 313 ሚሊ ርቀት። ከዚያ የኋላ ሊንኮቹን ጫፎች ምልክት አድርጉ። ወደፊት የሚለካው ከኋላ አክስል መሃል ነው፤ ከፍታው ከመሬት።

የታችኛው ሊንክ የአክስል ጫፍ 8 ሚሊ ወደፊት፣ 50 ሚሊ ከፍታ ላይ ይሁን። የሻንሲ ጫፉ 108 ወደፊት፣ 72 ከፍታ። የላይኛው ሊንክ የአክስል ጫፍ 5 ወደፊት፣ 85 ከፍታ። የሻንሲ ጫፉ 95 ወደፊት፣ 98 ከፍታ።

ሁለቱን መስመሮች ወደፊት አስረዝሟቸው። አንድ ቦታ ይገናኛሉ። በዚህ ምሳሌ ከኋላ አክስል 477 ሚሊ ርቀት ላይ፣ 153 ሚሊ ከፍታ ላይ ነው። አሁን የኋላ ጎማ መሬት ከነካበት ነጥብ ተነስታችሁ ወደዚያ መገናኛ መስመር ሳቡ። መስመሩ በፊት አክስል መሃል ቀጥ ብሎ ከሚቆም መስመር ጋር ሲገናኝ ከመሬት ስንት ከፍ እንዳለ ለኩ። ወደ 100 ሚሊ ይመጣል። ይህን ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ፣ ለ95 አካፍሉት። 106 ከመቶ። ይህ ቁጥር አንቲ-ስኳት ይባላል።

ምን ማለት ነው? ጋዝ ስትሰጡ ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቂጧ ዝቅ ልትል ትፈልጋለች። ሊንኮቹ ደግሞ በያዙት ማዕዘን ልክ ቂጧን ይደግፋሉ። 100 ከመቶ ላይ ሁለቱ ይቻቻላሉ፣ አትነሳም አትወርድም። ከ100 በጣም ሲያልፍ ጋዝ በነካችሁ ቁጥር ኋላዋ ይነሳል፣ ጎማው ድንጋዩን በመያዝ ፈንታ ይዘላል። በጣም ሲያንስ ቂጧን ትጥላለች፣ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል፣ ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ ታውቃላችሁ። እኔ ለቁልቁለትና ለዳገት ከ80 እስከ 100 መካከል እወዳለሁ። ስሌቱ የኋላ ጎማ ብቻ እንደሚነዳ አድርጎ ነው የሚያስበው፤ የኛ መኪና አራቱንም ትነዳለች። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ፍርድ አትቁጠሩት፤ አንዱን አሰራር ከሌላው ለማወዳደር ግን ጥሩ አድርጎ ያገለግላል።

አሁን ትንሿን ነገር እዩ። የላይኛውን ሊንክ የሻንሲ ጫፍ ከ98 ወደ 102 ከፍ አድርጉት። 4 ሚሊ ብቻ። ሌላ ምንም አትንኩ። ሁለቱ መስመሮች ይበልጥ ትይዩ ስለሚሆኑ መገናኛቸው ወደ 1150 ሚሊ ገደማ ይርቃል። ከጎማው የሚነሳው መስመር ፊት አክስል ላይ ሲደርስ 82 ሚሊ ብቻ ይሆናል። 82 ለ95፣ 86 ከመቶ። በ4 ሚሊ ቀዳዳ የ20 ከመቶ ልዩነት መጣ። አዲስ ሾክ ይህን አያመጣም።

መገናኛው ነጥብ ከካርቶኑ እንደሚወጣ አስተውላችሁ ይሆናል። ካርቶኑን ወለል ላይ ዘርግታችሁ መስመሮቹን በሁለት ክር አስረዝሙ። ሁለት ሰው ክር ይይዛል፣ አንዱ ይለካል። ክር ከማስመሪያ ይሻላል፤ ማስመሪያው በዚህ ርዝመት ላይ ይስታል።

ጥሩ መነሻ ከፈለጋችሁ ይህን ያዙ። በአክስሉ በኩል በላይኛውና በታችኛው ሊንክ መካከል ያለው ክፍተት በሻንሲው በኩል ካለው መብለጥ አለበት። በምሳሌያችን ላይኛውን ወደ 102 ካነሳን በኋላ አክስሉ ላይ 35፣ ሻንሲው ላይ 30 ሚሊ ነው። ሊንኮቹ በተቻለ መጠን ረዘም ይበሉ። አጭር ሊንክ ጎማው ከፍና ዝቅ ሲል አክስሉን በብዛት ያሽከረክረዋል፣ ያኔ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ፣ ድራይቭ ሻፍቱ የሚገባበት ጫፍ፣ ሽቅብና ቁልቁል ይሆናል።

ፊት ለፊቱ ሌላ ጉዳይ አለበት፤ መሪው። የመሪው ሰርቮ (ጎማውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) አክስሉ ላይ ከተቀመጠ ፊትንም በአራት ሊንክ መስራት ትችላላችሁ። ሰርቮው ሻንሲው ላይ ከሆነ ግን ሶስት ሊንክና ፓንሃርድ ባር ይሻላል። ፓንሃርድ ባር ከሻንሲው አንድ ጎን ተነስቶ አክስሉ ሌላ ጎን ላይ የሚታሰር አግድም ዘንግ ነው። እውነተኛውን ማየት ከፈለጋችሁ ሰፈር ውስጥ የቆመ የ80 ተከታታይ ላንድክሩዘር ስር አጎንብሱ፤ ወይም ጋራዥ ሂዱና መካኒኩን አሳየኝ በሉት። ዋናው ሕግ፦ ፓንሃርድ ባሩና ከሰርቮው ወደ ጎማው የሚሄደው የመሪ ዘንግ ትይዩና በተቻለ መጠን እኩል ርዝመት ይኑራቸው። ካልሆነ ሰስፔንሽኑ በተጨመቀ ቁጥር መኪናዋ ሳታዟት ትጠመዘዛለች።

ሊንክ መቁረጥ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው 6 ሚሊ ድፍን የአልሙኒየም ዘንግ ቆርጦ ጫፎቹን መብሳትና ጥርስ ማውጣት ነው። ለኤም 3 (የ3 ሚሊ) ቡሎን 2.5 ሚሊ፣ ለኤም 4 ደግሞ 3.3 ሚሊ መሰርሰሪያ ትጠቀማላችሁ። 6 ሚሊ ዘንግ ላይ ኤም 4 ካወጣችሁ በዙሪያው የሚቀረው 1 ሚሊ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው እዚያ ላይ ይሰበራል። ኤም 3 ያድርጉት ወይም ዘንጉን አወፍሩት። ቀዳዳው መሃል ካልሆነ ሊንኩ ጠማማ ይሆናል፤ እጃችሁን ካላመናችሁት ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ለነሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ሙሉ ጥርስ ያለው የኤም 4 የማይዝግ ዘንግ በውስጡ 4፣ በውጭው 6 ሚሊ በሆነ ቱቦ ውስጥ ታሳልፉታላችሁ። ሁለቱን ጫፍ ሮድ ኤንድ (በውስጡ የሚዞር ኳስ ያለው የፕላስቲክ ማያያዣ) ስታጠብቁበት ዘንጉ ይወጠራል፣ ቱቦው ይጨመቃል። ሁለቱ ተያይዘው የሚገርም ጥንካሬ ይሰጣሉ። ጥርስ ማውጣት የለም፣ ቶርኖ የለም። ቱቦው ናስ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ከታች ስለሚሆን ለታችኛው ሊንክ ጉርሻ ነው። ላይኛውን ግን አልሙኒየም አድርጉት። ምን አለሽ ተራ ወይም የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሰሩ ቤቶች ዘንድ ቁርጥራጭ አይጠፋም፤ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ እንጂ በዓይን አትገምቱ።

ርዝመቱን እንዲህ አውጡ። በካርቶኑ ላይ የታችኛው ሊንክ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 102 ሚሊ ነው። የሮድ ኤንዱ ከቀዳዳው መሃል እስከ ጀርባው 18 ሚሊ ቢሆን፣ ሁለቱ 36 ይወስዳሉ። ቱቦው 66 ሚሊ ይቆረጣል። ዘንጉ በየጫፉ 10 ሚሊ ወደ ሮድ ኤንዱ መግባት ስላለበት 86 ይሆናል። ላይኛው ሊንክ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ካርቶኑ ከጎን የሚያሳያችሁ 92 ሚሊ ገደማ ነው። ሊንኩ ወደ ጎንም 33 ሚሊ ስለሚከፈት እውነተኛ ርዝመቱ 97 ወይም 98 ነው። ይህን ረስቶ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ነው።

ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸው ከትክክለኛው ርዝመት ይበልጣል። ሁለቱም 1 ሚሊ ቢረዝሙ ማንም አያውቅም። አንዱ ብቻ ቢረዝም አክስሉ ጠማማ ይቆማል፣ መኪናዋ ቀጥታ አትሄድም። ስለዚህ ቁራጭ ጣውላ ላይ በትክክለኛው ርቀት ሁለት ቡሎን ምቱና ሊንኮቹን አንድ በአንድ እየሰካችሁ አስተካክሉ። ሁለቱም ሳይገፉ ሳይሳቡ ከገቡ እኩል ናቸው። የሮድ ኤንዶቹን አቅጣጫም እዚያው ላይ አስተካክሉ፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ካልተያዩ ኳሱ ገና ሳይንቀሳቀስ ግማሽ መንገዱን ጨርሷል።

የታጠፉ ሊንኮችን በየቪዲዮው ታያላችሁ። ድንጋይ እንዳይዛቸው መሃላቸው ሽቅብ የታጠፈ ነው። ያስፈልጋሉ፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አትጀምሩባቸው። የታጠፈ ዘንግ ሁለት ጫፉ ኳስ ላይ ሲሆን ወደ ጎን ይገለበጣል፤ ማጠፊያው ወደ ታች ዞሮ ያመለጣችሁትን ድንጋይ ራሱ ይፈልገዋል።

ማያያዣው

የላይኛው ሊንክ የሻንሲ ጫፍ የሚታሰርበትን ሰሌዳ ከ2 ሚሊ ኤል ቅርጽ አልሙኒየም ቁረጡ። አንድ ቀዳዳ አትብሱ። በ4 ሚሊ ከፍታ ልዩነት ሶስት ወይም አራት ብሱ። የኤም 3 ቀዳዳዎች በዚህ ርቀት እርስ በርስ ሊነካኩ ስለሚቀርቡ አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ እያዛነፋችሁ ደርድሯቸው። ቅድም ያየነው የ20 ከመቶ ልዩነት በአንድ ቀዳዳ ነው፤ እነዚህ ቀዳዳዎች ወደፊት በየድንጋዩ ላይ የምትነካኩት መቆጣጠሪያ ናቸው። ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። የሰላ ጠርዝ የሰርቮ ሽቦ ይበላል።

ሞላ ሳይገባ አንቀሳቅሱት

አሁን ሊንኮቹን ግጠሙ፣ ሾኮቹን ግን ተዉ። አክስሉን በእጃችሁ ያዙና ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ከዚያ አንዱን ጎን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ውሰዱት። በየትኛውም ቦታ ላይ መድረቅ የለበትም። የሚደርቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሮድ ኤንድ ፕላስቲክ ከማያያዣው ጋር መነካካቱ ነው። ሮንዴላ ጨምሩ ወይም ማያያዣውን ሞርዱ። ይህን ሳይጨርስ ሾክ የሚገጥም ሰው በኋላ ድርቀቱን የሞላው ጥፋት ያደርገዋል።

ድራይቭ ሻፍቱን፣ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ አክስሉ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ እዩ። አክስሉ እስከ መጨረሻ ሲወርድ ተስቦ እንዳይወጣ፣ እስከ መጨረሻ ሲወጣ ደግሞ ሁለቱ ቁራጮች እንዳይጋጩ። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ትንሽ ቀና ብሎ ቢያይ ክሮቼራው (የድራይቭ ሻፍቱ መታጠፊያ መጋጠሚያ) ይቀለዋል፤ ይህን የላይኛውን ሊንክ በማሳጠር ወይም በማስረዘም ታገኙታላችሁ። ፊት ላይ ግን አፍንጫውን ቀና ስታደርጉ የመሪ ጎማው ወደ ኋላ ያዘነበለው ማዕዘን፣ ካስተር የሚባለው ይቀንሳል። አክስላችሁ ላይ የጎማ መያዣዎቹን ለብቻ ማዞር ከተቻለ 5 እስከ 10 ዲግሪ መልሱለት። ካልተቻለ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጉትና ክሮቼራው ይታገስ።

ጎማውንም አዙሩ። መሪው ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ፣ አንዱ ጎን ተጨምቆ ጎማው ሊንክ ይነካል? ሾክ? ቦዲ? የሚነካበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የሾኩ ማቆሚያ የሚወሰነው በዚህ ነው።

አሁን ሾኩ

ሾኩን ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ተዘርግቶ ለኩ፣ ከዚያ ያለሞላ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ። 90 እና 62 ከሆነ ጉዞው 28 ሚሊ ነው። ለእንዲህ ያለች መኪና በቂ ነው። በጣም ረጅም ሾክ ፎቶ ላይ ጎማ ሰማይ ሲሰቅል ያሳምራል፤ መኪናዋን ግን ከፍ ያደርጋታል። ከፍ ያለች መኪና ደግሞ ትገለበጣለች።

መኪናዋ ስትቆም ከጉዞው 40 ከመቶ ያህል ትቀመጥ። ማለትም 11 ሚሊ ተጨምቆ ይቁም። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደዚያ የሚወርድበት 11 ሚሊ አለው፤ ድንጋይ ሲያገኝ የሚወጣበት 17 አለው።

ሞላውን አሁን እናስላ። ፊት 605 ግራም ነበር፣ ለአንድ ሾክ 302። ሾኩ ከቀጥታው 30 ዲግሪ ካዘነበለ በዘንጉ አቅጣጫ የሚሸከመው ይጨምራል፦ 302 ለ0.87፣ 347 ግራም። 11 ሚሊ ላይ እንዲቆም 347ን ለ11 አካፍሉ። 32 ግራም በሚሊ። ይህ የምትፈልጉት የሞላ ጥንካሬ ነው። ኋላውም በዚሁ መንገድ 247 ግራም ይዞ 26 አካባቢ ይመጣል።

ሾኩ አክስሉ ላይ ሳይሆን ታችኛው ሊንክ መሃል ላይ ከታሰረ ግን ይህ ስሌት አይሰራም። ወደ ሻንሲው በቀረበ ቁጥር የበለጠ ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል።

ሳጥኑ ላይ «ለስላሳ» ወይም «መካከለኛ» ብቻ ከተጻፈ አትጨነቁ። ሞላውን የኩሽና ሚዛኑ ላይ አቁሙት። አጠገቡ ማስመሪያ አቁሙ። በጠፍጣፋ እንጨት 10 ሚሊ ወደ ታች ተጫኑት። ሚዛኑ ያነበበውን ለ10 አካፍሉ። 320 ካነበበ 32 ግራም በሚሊ ነው። ሞላው እንዳይታጠፍ መሃሉ ላይ እስኪርብቶ ክታችሁ ብትጫኑት ይቀላል፤ ግን ሚዛኑን እስኪርብቶው እንዳይገፋው።

የሾኩ ማዘንበል ራሱ መሳሪያ ነው። ጎማው የሚሰማው ጥንካሬ በማዕዘኑ ኮሳይን ካሬ ይባዛል። በ30 ዲግሪ ሶስት አራተኛው ይቀራል። በ45 ዲግሪ ግማሹ ብቻ። ሞላ ሳትቀይሩ የላይኛውን ቀዳዳ ወደ ውስጥ በማዛወር ብቻ ማለስለስ ትችላላችሁ። በጣም ካዘነበለ ግን በጎን በኩል መኪናዋን መያዝ ያቅተዋል። እኔ ከ35 ዲግሪ አላልፍም።

ዘይቱ የሲሊኮን ይሁን። በሆቢ ዘይቶች የውፍረት ቁጥር 30 ወይም 35 ጥሩ መነሻ ነው። ሞላ ለስላሳ ስለሆነ ወፍራም ዘይት ከገባበት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ለመውረድ ይዘገያል፣ በዚያ ቅጽበት አየር ላይ ነው። የስፌት ማሽን ወይም የሞተር ዘይት አትክተቱ። የማዕድን ዘይት ኦ-ሪንጉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ሊያሳብጠው ይችላል፤ በቅዝቃዜና በሙቀት መካከልም ውፍረቱ ከሲሊኮን ይልቅ ይለዋወጣል። ስትሞሉ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ አረፋው እስኪወጣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። መክደኛውን ስታጠብቁ ዘንጉን ግማሽ አስገቡት፤ ካልሆነ የታፈነው አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሆንባችኋል።

የቅድሙን የእርሳስ ምልክት አስታውሱ። ጎማው ቦዲውን ከመንካቱ በፊት ሾኩ መቆም አለበት። የሲሊኮን ቱቦ ቁራጭ ዘንጉ ላይ ክተቱ፤ በውጭ በኩል ሲሆን ወደ ላይ ያለውን ይገድባል፣ ከፒስተኑ ስር በውስጥ ሲሆን ወደ ታች ያለውን። ድራይቭ ሻፍቱ የሚወጣባችሁ ከሆነ መፍትሔው የውስጠኛው ነው።

ጋዝ ስትነኩ የምትዘነብል ከሆነ

ሞተሩ ድራይቭ ሻፍቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር ሻንሲው ወደ ሌላው መዞር ይፈልጋል። ቶርክ ትዊስት ይሉታል። አፍንጫዋን ግድግዳ ላይ አስደግፉና ቀስ ብላችሁ ጋዝ ስጡ። ከኋላ ቆማችሁ እዩ። አንዱ ትከሻ ይወርዳል፣ በሌላው በኩል የፊት ጎማ ይቀላል። ዳገት ላይ ሁልጊዜ በአንድ ጎን የምትገለበጥ መኪና ምክንያቷ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

በሚወርደው ጎን የኋላ ሾክ ላይ የሞላ መወጠሪያውን 1 ወይም 2 ሚሊ አጥብቁ። ካልበቃ በዚያ ጎን ትንሽ ጠንካራ ሞላ ክተቱ። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ጉዳዩ ከሰስፔንሽን ይወጣል። ትራክሳስ በ2017 ያወጣት ቲ አር ኤክስ-4 ፖርታል አክስል አላት፤ ከጎማው አጠገብ ተጨማሪ ጥርስ ስላለ ድራይቭ ሻፍቱ ላይ የሚያልፈው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ መዘንበሏም ያንሳል። መሃል ሰሌዳዋም ሊንክ ሳይረዝም ከመሬት ከፍ ይላል። ፖርታል አክስል ለብቻው ይሸጣል፣ ለብዙ ሻንሲም ይገጥማል፣ ግን ርካሽ አይደለም።

ፈተናው

መጀመሪያ ጠፍጣፋ ቦታ። አንዱን የፊት ጎማ እያነሳችሁ ከስሩ መጽሐፍ ደርቡ፤ ከሌሎቹ ሶስት ጎማዎች አንዱ መሬት እስኪለቅ ድረስ። ያን ከፍታ ጻፉ። ሌላኛውንም ጎን እንዲሁ። ግራና ቀኝ ከ5 ሚሊ በላይ ከተለያዩ የሚደርቅ ነገር አለ ማለት ነው፣ ወይም የሽቦ ጥቅል አንድ ጎን ይዟል።

ከዚያ ጣውላው። አሁን ከነሾኩ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሆኖ። ቀስ እያላችሁ ጣውላውን አቁሙና በየ5 ዲግሪው ጋዝ ንኩ። ቂጧ ይወርዳል ወይስ ይነሳል? የምትወርድ ከሆነ የላይኛውን ሊንክ በሻንሲው በኩል አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርጉት። የምትነሳና የምትዘል ከሆነ አንድ ቀዳዳ ከፍ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሞላና ቀዳዳ አብረው የተቀየሩ እንደሆነ የትኛው እንደሰራ የሚነግራችሁ የለም።

ድንጋይ ፍለጋ ተራራ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ሲሰራ የሚከመረው ኮብልስቶን ለክሮውለር የተሰራ ይመስላል። ጠርዙ ሹል ነው፣ ይንሸራተታል፣ መጠኑ ደግሞ ተመሳሳይ ስለሆነ ዛሬ የወጣችውን ነገ መልሳችሁ መደርደር ትችላላችሁ። ሰራተኞቹን አስፈቅዱ፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ሪሞቱን ይጠይቋችኋል።

ከተወሰኑ ጉዞዎች በኋላ ሁሉንም ቡሎን እየዞራችሁ ፈትሹ። ብረት ውስጥ የሚገቡት ላይ ሰማያዊውን የቡሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርጉ፤ ፕላስቲክ ላይ ግን አታድርጉ፣ ይሰነጥቀዋል። ሊንኮቹን በጣታችሁ ያዙና ነቅንቋቸው። ኳሱ ፕላስቲኩ ውስጥ ሲንኳኳ ከተሰማችሁ ሮድ ኤንዱ አልቋል። ፕላስቲኩን ብቻ ቀይሩ፣ ኳሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ስትቀይሩ ግን መልሳችሁ ጣውላው ላይ ባሉት ሁለት ቡሎኖች ለኩት።